ክኒኑ ያው፣ መጠኑ ሌላ፦ የድባቴ መድኃኒቶችና የጉበት ሥራ

በአፍ የተዋጠ መድኃኒት ከአንጀት ተነሥቶ ወደ መላ ሰውነት ከመሠራጨቱ በፊት የጉበትን ኬላ ያልፋል። ጉበት ከመጣው መድኃኒት ከፊሉን እዚያው ለውጦ ያስቀራል፤ የተረፈው ከደም ጋር ይዞራል፤ ዞሮ በተመለሰ ቁጥርም እንደገና ይቀነሳል። በሐኪም ማዘዣ ላይ «50 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንድ ጊዜ» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ይህ የጉበት ድርሻ አስቀድሞ ታስቦለት የተወሰነ ነው። ጉበት ሥራውን ካቀዘቀዘ ግን ክኒኑ ሳይለወጥ ደም ውስጥ ያለው መጠን ይለወጣል፤ 50 ተብሎ የተጻፈበት ክኒን የ200 ሥራ ሊሠራ ይችላል። የድባቴ መድኃኒቶች በሌሎች መድኃኒቶች ላይ የሚያመጡት ጣጣ አብዛኛው ከዚህ ይነሣል። ብዙ ሰው እንደሚያስበው ሁለት ክኒኖች ሆድ ውስጥ ተገናኝተው መርዝ ስለሚሆኑ አይደለም፤ አንደኛው የሌላኛውን መውጫ በር ስለሚዘጋበት ነው።

በሩን የሚጠብቁት በዋናነት ሳይቶክሮም ፒ450 የሚባሉት ኢንዛይሞች ናቸው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1962 ያወጡለት ኦሙራና ሳቶ የተባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ናቸው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቁጥሩ የተወሰደው ኢንዛይሙ ከካርቦን ሞኖክሳይድ ጋር ሲያያዝ ከሚመጠው የ450 ናኖሜትር ብርሃን ነው። በሰው ዘር ውስጥ የዚህ ቤተሰብ ጂኖች 57 ቢሆኑም ለመድኃኒት ጉዳይ ስድስቱን ማወቅ ይበቃል፦ 1ኤ2፣ 2ቢ6፣ 2ሲ9፣ 2ሲ19፣ 2ዲ6 እና 3ኤ4። ከመካከላቸው ትልቁን ጫና የሚሸከመው 3ኤ4 ነው። ለድባቴ መድኃኒቶች ጉዳይ ግን ዋናው 2ዲ6 ነው። በጉበት ውስጥ ካለው የዚህ ቤተሰብ ኢንዛይም ድርሻው ጥቂት መቶኛ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ሐኪሞች ከሚያዝዟቸው መድኃኒቶች ወደ ሩብ የሚጠጉትን ያስተናግዳል። ትንሽ በር ላይ ብዙ ሰው ሲቆም መጨናነቁ አይቀርም።

የ2ዲ6 ነገር የታወቀው በአጋጣሚ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ሮበርት ስሚዝ የተባለ የለንደን ተመራማሪ ዴብሪሶኪን የሚባለውን የደም ግፊት መድኃኒት ከባልደረቦቹ ጋር በራሱ ላይ ሲሞክር፣ ሌሎቹ ደህና ሆነው እርሱ ብቻ ግፊቱ ወርዶ መቆም አቃተው። ኋላ እንደታወቀው ጉበቱ ይህን መድኃኒት መለወጥ ከማይችሉ ሰዎች አንዱ ነበር። ስሚዝን በተፈጥሮ የገጠመው ነገር ዛሬ አንዳንድ የድባቴ መድኃኒቶች በሚወስዱ ሰዎች ላይ በክኒን ይፈጠራል።

የድባቴ መድኃኒቶች ታሪክ ራሱ የሚጀምረው ኢንዛይም በመዝጋት ነው። በ1952 በኒው ዮርክ ስታተን ደሴት ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ይሰጥ የነበረው አይፕሮኒያዚድ የታማሚዎቹን መንፈስ ሲያነቃቃ ታየ። መድኃኒቱ ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ የሚባለውን፣ ሴሮቶኒንን የመሳሰሉ የአንጎል መልእክተኞችን የሚያፈርስ ኢንዛይም ይዘጋል። ይኸው ኢንዛይም ግን በአንጀትና በጉበትም ውስጥ አለ፤ እዚያ ከምግብ ጋር የሚገባውን ታይራሚን ያመክናል። ስለዚህ የዚህ መደብ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ለወራት የቆየ የፈረንጅ አይብ ሲበሉ የደም ግፊታቸው በድንገት ይተኮስ ጀመር፤ አንዳንዶቹም አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈሰሰ። ባሪ ብላክዌል የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነገሩን ከአይብ ጋር አያይዞ ያሳተመው በ1963 ነው። በድባቴ ሕክምና ውስጥ አስቀድሞ በዓለም የታወቀው ግጭት እንግዲህ በመድኃኒትና በምግብ መካከል የተፈጠረ ነበር።

ሁለተኛው ትውልድ፣ ማለትም ስዊዘርላንዳዊው ሮላንድ ኩን በ1957 ያስተዋወቀው ኢሚፕራሚንና ተከትሎት የመጣው አሚትሪፕቲሊን፣ በዚህ ጉዳይ ከአጥቂነት ይልቅ ተጠቂነቱ ይበዛል። እነዚህ መድኃኒቶች የሌላውን መንገድ ብዙም አይዘጉም፤ የራሳቸው መንገድ ሲዘጋ ግን አደገኛ ይሆናሉ። አሚትሪፕቲሊን በ2ሲ19 ወደ ኖርትሪፕቲሊን ይለወጣል፤ ሁለቱም በ2ዲ6 ይወገዳሉ። በሚጠቅመው መጠንና የልብ ምትን በሚያዛባው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ስለሆነ፣ የዚህ በር መዘጋት ቀላል ነገር አይደለም።

ሦስተኛው ትውልድ በታኅሣሥ 1987 በአሜሪካ ከተፈቀደው ፍሉኦክሰቲን ጋር መጣ። ብቻውን ሲወሰድ ከቀደሙት ይልቅ ለልብ አስተማማኝ ነው፤ በብዛት ቢዋጥም እንደ አሚትሪፕቲሊን አይገድልም። ከሌላ መድኃኒት ጋር ሲወሰድ ግን ሌላ ጠባይ አሳየ። አሚትሪፕቲሊንን በሚመስሉት በኢሚፕራሚንና በዴሲፕራሚን ላይ ሲጨመር በደም ውስጥ ያለው መጠናቸው ከሁለት እስከ ዐሥር እጥፍ ሲያድግ ታይቷል። ይህ በኢትዮጵያ የወረቀት ላይ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ፍሉኦክሰቲንና አሚትሪፕቲሊን በአገሪቱ የጤና ተቋማት በብዛት የሚገኙ የድባቴ መድኃኒቶች ናቸው፤ አሚትሪፕቲሊን ደግሞ በስኳር ሕመም ለሚመጣ የነርቭ ሕመምና ለማይግሬንም ይታዘዛል። አንዱ ሐኪም ለድባቴ ፍሉኦክሰቲን፣ ሌላው እግር ለሚያቃጥለው ሰው አሚትሪፕቲሊን ሲጽፍ ሁለቱ ክኒኖች የሚገናኙት ታማሚው ኪስ ውስጥ ነው።

«የድባቴ መድኃኒት ከሌላ መድኃኒት ጋር አይሄድም» የሚለው አነጋገር ግን ስሕተት ነው፤ በአንድ መደብ ውስጥ ያሉት እንኳ እርስ በርሳቸው በእጅጉ ይለያያሉ። ፓሮክሰቲንና ፍሉኦክሰቲን 2ዲ6ን አጥብቀው ይዘጋሉ፤ ቡፕሮፒዮንም እንዲሁ። ዱሎክሰቲን መካከለኛ ነው። ሰርትራሊን በተለመደው መጠን ተጽዕኖው ትንሽ ሲሆን፣ በቀን 150 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ሲደርስ ይጠነክራል። ሲታሎፕራም፣ ኤሲታሎፕራምና ቬንላፋክሲን ሌላውን እምብዛም አይነኩም። ፍሉቮክሳሚን ብቻውን የቆመ ነው፦ 2ዲ6ን ችላ ብሎ 1ኤ2ንና 2ሲ19ን ይዘጋል፤ በብርታቱም የሚወዳደረው የለም። የጡንቻ ማፍታቻ የሆነው ቲዛኒዲን ከፍሉቮክሳሚን ጋር ሲወሰድ ሰውነት የሚያገኘው መጠን ወደ 33 እጥፍ እንዳደገ በበጎ ፈቃደኞች ላይ ተለክቷል፤ ሁለቱን አብሮ መስጠት ክልክል ነው። ለስኪዞፍሬኒያ የሚሰጠው ክሎዛፒን መጠኑ ከአምስት እስከ ዐሥር እጥፍ ሊያድግ ይችላል፤ ለአስም የሚሰጠው ቲዮፊሊንም በአደገኛ ሁኔታ ይጠራቀማል። ቡና እንኳ አይቀርለትም። በሰውነት ውስጥ ያለው ካፌይን በግማሽ ለመቀነስ በተለመደው ጊዜ አምስት ሰዓት ያህል ሲፈጅበት፣ ከፍሉቮክሳሚን ጋር 31 ሰዓት ደርሷል። ከአቦል እስከ በረካ ለሚጠጣ ሰው ይህ ማለት የትናንቱ ቡና ከዛሬው ላይ ይደረባል ማለት ነው።

መንገዱ ሲዘጋ ሁሉም መድኃኒት ይጠራቀማል ማለትም አይደለም፤ እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የደም ግፊትና የልብ መድኃኒት የሆነው ሜቶፕሮሎል ከፓሮክሰቲን ጋር ሲወሰድ መጠኑ በብዙ እጥፍ አድጎ የልብ ምት ይዘገያል፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነው ፌኒቶይን ከፍሉኦክሰቲን ጋር አድጎ ታማሚውን እንደ ሰካራም ያንገዳግደዋል። አንዳንድ መድኃኒቶች ግን ጥሬያቸውን ተውጠው ጉበት ውስጥ የሚበስሉ ናቸው። ለእነዚህ የኢንዛይሙ መዘጋት ማለት እሳቱ መጥፋት ነው። ኮዴን ሕመም የሚያስታግሰው 2ዲ6 ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው፤ ፓሮክሰቲን ለሚወስድ ሰው ኮዴን መስጠት አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ክኒን እንደ መስጠት ነው። ትራማዶል ደግሞ የባሰ ነው። የማስታገስ ኃይሉ ከ2ዲ6 ሥራ ስለሚመጣ ይቀንሳል፤ ያልተለወጠው ትራማዶል ግን ሴሮቶኒንን ከፍ ማድረጉን ይቀጥላል፣ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥም ሊያስነሣ ይችላል። ታማሚው ሕመሙ አልታገሥ ሲለው ሌላ ክኒን ይጨምራል፤ የሚጨምረውም አደጋውን ብቻ ነው።

ከዚህ ወገን ብዙ የተጻፈበት ታሞክሲፈን ነው። በሆርሞን የሚያድግ የጡት ካንሰር ከቀዶ ሕክምና በኋላ እንዳይመለስ ለዓመታት ይወሰዳል፤ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ግን በ2ዲ6 አማካይነት የሚወጣው ኤንዶክሲፈን ነው። ታሞክሲፈን በብዙ ሴቶች ላይ ድንገተኛ ሙቀትና ላብ ያመጣል፤ ይህን ለማብረድ ደግሞ ፓሮክሰቲን ይታዘዝ ነበር። ማለትም የመድኃኒቱን የጎን ጉዳት ለማስታገስ የተሰጠው ክኒን የመድኃኒቱን ሥራ ያስቀር ነበር። ፓሮክሰቲን በደም ውስጥ ያለውን ኤንዶክሲፈን እንደሚቀንስ በ2003 ታተመ። በ2010 ደግሞ በካናዳ ኦንታሪዮ የ2,430 ሴቶችን መዛግብት የመረመረ ጥናት፣ ሁለቱን አብረው የወሰዱበት ጊዜ በረዘመ ቁጥር በጡት ካንሰር የመሞት አደጋቸው እንደጨመረ አሳየ። ከታሞክሲፈኑ ጊዜ ሩቡን ያህል አብረው ለወሰዱት ጭማሪው 24 በመቶ፣ ግማሹን ለወሰዱት 54፣ ሦስት አራተኛውን ለወሰዱት 91 በመቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የወጡ ሌሎች ጥናቶች ይህን ያህል ልዩነት አላገኙም፤ ክርክሩም አልተዘጋም። ሐኪሙ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልገውም፦ ቬንላፋክሲንን ወይም ኤሲታሎፕራምን የመሰለ በሩን የማይዘጋ አማራጭ እያለ ፓሮክሰቲንን መምረጥ ምክንያት የለውም።

ለኢትዮጵያ የሚቀርብ ሌላ ምሳሌ ፕሪማኪን ነው። ፕላዝሞዲየም ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ተሕዋስ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ቆይቶ ያገረሻል፤ የተኛውን ከሥሩ ለመንቀል የሚሰጠው ፕሪማኪን ነው። ከአፍሪካ አገሮች ይህ የወባ ዓይነት በብዛት ከሚታይባቸው አንዷ ኢትዮጵያ ናት። በ2013 የወጣ ጥናት ፕሪማኪን ወስደው ወባው ያገረሸባቸው ሰዎች የ2ዲ6 ሥራቸው ደካማ መሆኑን አመለከተ፤ መድኃኒቱ ተሕዋሱን ለመግደል በዚህ ኢንዛይም መለወጥ ያስፈልገዋል። ኢንዛይሙን በክኒን የዘጋ ሰውም በዚያው መንገድ ሊሄድ እንደሚችል መጠርጠር ተገቢ ነው። ወባ በሚበዛበት አካባቢ ፍሉኦክሰቲን ለሚወስድ፣ ወባውም ደጋግሞ ለሚያገረሽበት ሰው ይህን ጥርጣሬ የሚያነሣ ባለሙያ አስተዋይ ነው።

የ2ዲ6 ጥናት ውስጥ ኢትዮጵያውያን የተለየ ቦታ አላቸው። በ1985 በስዊድን አንዲት የድባቴ ታማሚ ኖርትሪፕቲሊን በተለመደው መጠን ምንም አልሠራላት ብሎ እጅግ ከፍ ባለ መጠን ብቻ እንደተሻላት ተመዘገበ። በ1993 ምክንያቱ ሲገኝ የ2ዲ6 ጂን ከአንድ በላይ ቅጂ ተደራርቦባት ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶዎቹ እንዲህ የተደራረበ ጂን ተገኘባቸው። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ከአንድ ሁለት በመቶ አያልፍም፤ በሳዑዲ ዐረብያ ወደ 20 በመቶ ይደርሳል። በአንጻሩ ኢንዛይሙ ጨርሶ የማይሠራባቸው ሰዎች በአውሮፓ ከአምስት እስከ ዐሥር በመቶ ሲሆኑ በኢትዮጵያ ወደ ሁለት በመቶ ናቸው።

ይህ ለድባቴ ሕክምና ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው፣ አሚትሪፕቲሊን አልሠራ ሲል ታማሚው ክኒኑን አልዋጠም ብሎ ከመገሠጽ በፊት ጉበቱ ቶሎ ቶሎ እያስወጣበት ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ነው። ሁለተኛው፣ ቶሎ የሚያስወጣው ሰው ፓሮክሰቲን ወይም ፍሉኦክሰቲን ሲጀምር በጂኑ ፈጣን ሆኖ ሳለ በተግባር እንደ ተራ ሰው፣ አንዳንዴም እንደ ዘገምተኛ ይሆናል። በጂን ምርመራ ወረቀት ላይ የተጻፈውና ጉበት የሚሠራው ይለያያሉ። ኮዴንን በሚመለከት ደግሞ ነገሩ ተቃራኒ ጫፍ አለው፦ ጂኑ የተደራረበበት ሰው ኮዴንን በፍጥነት ወደ ሞርፊን ስለሚለውጠው ሕፃናት በዚህ ምክንያት ሞተዋል። የአሜሪካ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን በ2017 ኮዴንንና ትራማዶልን ለሕመም ማስታገሻነት ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የከለከለው ለዚህ ነው።

ጂን ብቻውንም አይወስንም። ያው ጂን ካላቸው ኢትዮጵያውያን መካከል በኢትዮጵያ የሚኖሩት 2ዲ6ን በሚመለከት በስዊድን ከሚኖሩት የዘገየ ሥራ እንዳላቸው የእሌኒ አክሊሉ ቡድን በ2002 አሳይቷል፤ ምክንያቱ ከአካባቢው ወይም ከአመጋገቡ ነው ማለት ነው። ኋላም በኢትዮጵያውያን በጎ ፈቃደኞች ላይ በተደረገ ጥናት ጫት የ2ዲ6ን ሥራ እንደሚቀንስ ታየ። ስለዚህ ጫት የሚቅም ሰው ፍሉኦክሰቲን ወይም አሚትሪፕቲሊን ሲታዘዝለት ጥያቄው የሥነ ምግባር ሳይሆን የመጠን ጥያቄ ነው። ሐኪሙ ካልጠየቀ ታማሚው አይናገርም፤ ከጠየቀም በቁጣ ከሆነ እውነቱን አያገኝም።

መንገዱ በተቃራኒውም ይሄዳል፤ ሌሎች መድኃኒቶች የድባቴውን መድኃኒት ያባርራሉ ወይም ያጠራቅማሉ። የሳንባ ነቀርሳው ሪፋምፒሲን የጉበትን ኢንዛይሞች ያበዛል፤ ውጤቱ ሙሉ የሚሆነው በሁለት ሳምንት ገደማ ነው፣ ሕክምናው ሲያበቃም ለመብረድ ያን ያህል ይወስዳል። በነዚያ የሕክምና ወራት ኖርትሪፕቲሊንም ሰርትራሊንም ከደም ውስጥ ይሳሳሉ። ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኖባርቢታልና ካርባማዜፒንም እንዲሁ ያደርጋሉ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሆነው ኢፋቪሬንዝ ሰርትራሊንን በ39 በመቶ ይቀንሳል፤ ዛሬ ቦታውን የያዘው ዶሉቴግራቪር ግን ይህ ጠባይ የለውም። በሌላ በኩል ለጨጓራ እንደ ልብ የሚገዛው ኦሜፕራዞል 2ሲ19ን ስለሚዘጋ ሲታሎፕራምን ያጠራቅማል፤ ሲታሎፕራም ሲበዛ የልብን የኤሌክትሪክ ዑደት ያራዝማል። የአሜሪካው ባለሥልጣን በ2011 የሲታሎፕራምን ጣሪያ በቀን 40 ሚሊ ግራም ያደረገው በዚሁ ስጋት ሲሆን፣ 2ሲ19ን የሚዘጋ መድኃኒት ለሚወስዱ ደግሞ ጣሪያው 20 ሚሊ ግራም ነው። በአውሮፓ ያለ ሐኪም ማዘዣ ለድባቴ የሚገዛው፣ ቢጫ አበባ ያለው ሃይፐሪከም የተባለ ተክልም ከሪፋምፒሲን ጋር የሚመሳሰል ኃይል አለው። በ2000 በዙሪክ ልብ የተተከለላቸው ሁለት ሰዎች ይህን ተክል በመውሰዳቸው ሳይክሎስፖሪን የተባለው መድኃኒታቸው ወርዶ ሰውነታቸው አዲሱን ልብ መግፋት ጀመረ። «ዕፅ ስለሆነ አይጎዳም» ለሚለው ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም።

ከጉበት ጋር ምንም ግንኙነት ሳይኖራቸው ከነዚህ ጋር የሚምታቱ ግጭቶችም አሉ። ዋናው የሴሮቶኒን መብዛት ነው፤ ሁለት መድኃኒቶች ሁለቱም ሴሮቶኒንን ሲጨምሩ ሰውነት ይንቀጠቀጣል፣ ይግላል፣ አእምሮ ይደናገራል። በ1984 በኒው ዮርክ የሞተችው የ18 ዓመቷ ሊቢ ዛየን ሞኖአሚን ኦክሲዴዝን የሚዘጋ ፌነልዚን እየወሰደች ፔቲዲን የተባለ ማስታገሻ ተሰጥቷት ነበር፤ የሞቷ ክርክር በኋላ የአዳዲስ ሐኪሞች የሥራ ሰዓት በሕግ እንዲገደብ ምክንያት ሆኗል። መድኃኒት የተላመደን ሳንባ ነቀርሳ ለማከም የሚሰጠው ላይንዞሊድም ያንኑ ኢንዛይም በመጠኑ ይዘጋል፤ ስለዚህ ፍሉኦክሰቲን ለሚወስድ ታማሚ ሲታዘዝ ቁርጥ ያለ ውሳኔ ያስፈልጋል። ሌላው የደም መፍሰስ ነው። በደም ውስጥ ያለው ሴሮቶኒን ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚቀመጠው ደምን በሚያረጉት ሕዋሳት ውስጥ ሲሆን፣ እነ ፍሉኦክሰቲን ያራቁቷቸዋል፤ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ሲጨመር ጨጓራ የመድማቱ ዕድል ያድጋል። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው ደግሞ ሁለቱም መንገዶች፣ የጉበቱም የደም መፍሰሱም፣ ይደራረባሉ።

መዝጋቱ ሁልጊዜ ጉዳት ብቻ አይደለም። ዴክስትሮሜቶርፋን የሚባለው የሳል መድኃኒት በ2ዲ6 ወዲያው ስለሚጠፋ አንጎል ላይ የመሥራት ዕድል የለውም። ሆን ተብሎ 2ዲ6ን ከሚዘጋው ቡፕሮፒዮን ጋር በአንድ ክኒን ተቀላቅሎ በነሐሴ 2022 በአሜሪካ ለድባቴ ተፈቅዷል። ለዓመታት እንደ ችግር የተቆጠረው ነገር እዚህ መሣሪያ ሆነ።

በመድኃኒት ቤት ኮምፒውተሮች ላይ የሚታየው የማስጠንቀቂያ ዝርዝር ረጅም ነው፤ ርዝመቱም ጉዳት አለው፣ ሁሉም ነገር ቀይ ሲሆን ቀዩን የሚያይ አይኖርምና። በድሮ መጻሕፍት ብዙ ገጽ የያዘው፣ መድኃኒቶች በደም ፕሮቲን ላይ ስለሚሻሙት ቦታ የሚለው ክርክር በሕክምና ላይ ብዙም የሚለውጠው የለም። እውነተኛ ጥንቃቄ የሚሹት ጥቂት ጥንዶች ናቸው፦ ፓሮክሰቲን ከታሞክሲፈን፣ ፍሉኦክሰቲን ከአሚትሪፕቲሊን፣ ፍሉቮክሳሚን ከክሎዛፒን፣ ከቲዛኒዲንና ከቲዮፊሊን፣ ማናቸውም ሴሮቶኒን የሚጨምር መድኃኒት ከትራማዶልና ከላይንዞሊድ።

አደጋው የሚበረታውም ለውጥ ባለበት ሰሞን ነው፤ አንዱ መድኃኒት ሲጀመር፣ መጠኑ ሲጨመር ወይም ሲቋረጥ። ለዓመታት ሁለቱን አብሮ ወስዶ የተረጋጋ ሰው መጠኑ ለዚያው የተለካ ሊሆን ይችላል። ፓሮክሰቲን በድንገት ሲቆም በር ይከፈትና የልብ መድኃኒቱ ይሳሳል፤ ሪፋምፒሲን ሲያልቅ ደግሞ አሚትሪፕቲሊኑ ተጠራቅሞ ታማሚው እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። በዚህ በኩል ከሁሉ የሚዘገየው ፍሉኦክሰቲን ነው። ከእርሱ የሚወጣው ኖርፍሉኦክሰቲን በግማሽ ለመቀነስ ከአራት እስከ 16 ቀን ይፈጅበታል። ስለዚህ ፍሉኦክሰቲን ያቆመ ሰው ሞኖአሚን ኦክሲዴዝን የሚዘጋ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት አምስት ሳምንት መቆየት አለበት፤ እስከዚያ ድረስ ክኒኑን ገና እንደሚውጥ ሰው ይቆጠራል።